ባዘቶ

ካልሲውን እንኳ በቅጡ አጥቦ የማያውቅ ሰው ስለ ልብስ ማድረቂያ መኪና ሊጽፍ ሲነሣ አንባቢ ቢታዘበው አይፈረድበትም። እኔም በፈቃዴ የገባሁበት ጉዳይ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የሐምሌ ገብርኤል ማግሥት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በተከራየነው ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው ካቻቪቴ ይዤ፣ ጭንቅላቴን በመኪናውና በግድግዳው መካከል ሰንቅሬ ነበር። ስልኩ ውስጥ ያለችው ታላቅ እኅቴ ናት፤ ከዱባይ። በሩ ላይ የቆመችው እናቴ ናት። እኅቴ ትጮኻለች፣ እናቴ ታማትባለች፣ እኔ ያልበኛል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልያዘው።

እማዬ ልብስ አጣቢ ነበረች። “ነበረች” ማለቴን ብትሰማ ትቆጣለች፤ ዛሬም ቢሆን ሌላ ሰው ያጠበው ልብስ የጠዳ አይመስላትም። ያሳደገችን ካዛንቺስ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈሩ ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው “ኢንቺስ” ከሚባል ድርጅት ነው፤ “ካዛ ኢንቺስ”፣ የኢንቺስ ቤቶች እንደማለት። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ስሙን ትቶልን ሄደ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ ከዚያ ወዲህ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ባለበት አካባቢ ሆቴሉም፣ ፔንሲዮኑም፣ ቡና ቤቱም በቀለ። እንግዳ ባለበት አንሶላ አለ፤ አንሶላ ባለበት ደግሞ የእማዬ እንጀራ አለ።

ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ እንኖር ነበር፤ ማስጫው ግን አንድ ነው። ከኮኩ ዛፍ እስከ ማድ ቤቱ ማዕዘን የተወጠረ፣ የላስቲክ ልባሱ እዚህም እዚያም የተላጠ አሮጌ ሽቦ። በበጋ ማንም ከማንም ጋር ጉዳይ የለውም። ክረምት ሲገባ ግን የግቢው ሕግ ይለወጣል። ሰማዩ ሲጠቁር ቀድሞ ያየ ሰው “ልብስ!” ብሎ ይጮኻል። ቤት ያለ ሁሉ ይወጣል፤ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ሽቦው ላይ ያለው በሙሉ ተጠራርጎ ይገባል። ማታ ላይ በእኛ ቤት የጎረቤት ሱሪ፣ በጎረቤት ቤት የእኛ አንሶላ ይገኛል። ተኳርፈው የከረሙ ሴቶች እንኳ አንዷ የሌላዋን ልብስ ለዝናብ አትተውም፤ አጣጥፋ በልጅ ትልከዋለች እንጂ። (ተላላኪው እኔ ነበርኩ። “ገና አልደረቀም በላት” የሚል መልእክት አብሮ ይላካል። በመጨረሻ የሚያስታርቃቸውም ይኸው ያልደረቀ ልብስ ነበር።)

ያልደረቀው ቤት ይገባል። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ መሐል ወለል ላይ ይቀመጥና የሽቦ ቅርጫት ይደፋበታል፤ የተጨመቀው ልብስ በላዩ ይደረባል። ሙቀቱ እንዳያመልጥ በርና መስኮት ይዘጋል። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። የከሰል ክፉው ነገር ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ቀለምም ሽታም የሌለው አየር ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ቁጭ ይላል። እማዬ ክረምት በገባ ቁጥር ራሷን ያማት ነበር። ብርድ ነው ስንል ኖርን። ከሰል አስገብተው ተኝተው ስላልነቁ ሰዎች ወሬ ስንሰማ ከንፈር እንመጣለን፤ ከንፈራችንን መጠን ስናበቃ ምድጃችንን እናስገባለን።

ለካስ ነገሩ በሌላውም ዓለም የተጀመረው እንዲሁ ኖሯል። ጆርጅ ሳምሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1892 የልብስ ማድረቂያ ፈልስፎ የባለቤትነት ወረቀት ወስዷል። በእኛ 1884 መሆኑ ነው፤ እኛ ክፉ ቀን ከምንለው ረኃብ ገና ስንወጣ። የሳምሰን ፈጠራ ምን መሰላችሁ? እርጥብ ልብስን ከምድጃ በላይ የሚያንጠለጥል ማስጫ። እማዬ በሽቦ ቅርጫቷ ብታመለክት ኖሮ እሷንም ሳይሰጧት አይቀሩም ነበር።

እታለም (ታላቅ እኅቴን የምጠራት እንዲህ ነው) ቤት ለቃ ስትሄድ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። መጀመሪያ ቤይሩት፣ ቀጥሎ ዱባይ፤ ሥራዋ የሰው ቤት ሠራተኛ። የእኔን የዲፕሎማ ክፍያ የከፈለችው እሷ ናት። በ2014 ዓ.ም. ጥቂት ገንዘብ ሲጠራቀምላት “ምን ልላክላችሁ?” አለች። እኔ ቴሌቪዥን አልኳት። እማዬ “አንቺ ራስሽ ነይ” አለቻት። እሷ ግን ከሁለታችንም ሳትሆን ልብስ ማድረቂያ ላከች። “እማዬ ከእንግዲህ ከሰል እንዳታስገባ” አለች። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም።

እማዬ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መኪናውን በዳንቴል ሸፍና የእታለምን ፎቶግራፍ አስቀመጠችበት። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ሳያባራ ሲከርም ዳንቴሉ ተነሣ። ያኔ ነገሩ ቀላል ነበር። መኪናው ከጭቃው ግድግዳ ተጠግቶ ስለቆመ ትንፋሹን የሚያወጣበት ቱቦ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ግድግዳውን ቀዶ በቀጥታ ወደ ግቢው ይተነፍሳል። ጠዋት ጠዋት የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ቱቦው ሥር ተሰልፈው እጃቸውን ሲያሞቁ አይቻለሁ።

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ስለዚያ ሌላ ሰው ከእኔ የተሻለ ይጽፋል። ከጎረቤቶቻችን ገላን ጉራ የደረሳቸው አሉ፤ ልጆቻቸው ዘንድ የተጠጉም አሉ። እኛ የተከራይ ተከራይ ስለነበርን ራሳችን ፈልገን ቂርቆስ ገባን። እማዬ ከግቢው ስትወጣ የማስጫውን ሽቦ ከኮኩ ዛፍ ላይ ፈትታ፣ ጠቅልላ በፌስታል ይዛ መጣች። የሚወጠርበት ቦታ ግን አልተገኘም። አዲሱ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ የአከራያችን መኪና ይቆምበታል። ሽቦው እስካሁን አልጋዋ ሥር አለ።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማድረቂያው የሚገባበት ቦታ ከኮሪደሩ ጫፍ ያለች ጠባብ ዕቃ ቤት ብቻ ሆነች። ከዚያ ወደ ውጭ ለመውጣት ቱቦው በጣሪያው ሥር አምስት ሜትር ያህል መጓዝና ሦስት ጎሚቶ መዞር ነበረበት። እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ የአልሙኒየም ቱቦ ገዝቼ፣ በፋሸታ አጥብቄ፣ ራሴው ዘረጋሁት። አከራያችን መጥተው አዩና፣ “ልጄ፣ ጥሩ ሠርተኸዋል፤ ግን በዚያ ቀዳዳ አይጥ እንዳይገባብን” አሉኝ። “ግድ የለም እትዬ፣ ይተዉት ለእኔ” አልኩና የቱቦውን አፍ በወንፊት ሽቦ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። የተመረቅሁት በጋዜጠኝነት ነው፤ ስለ አየር መመላለስ ያስተማረኝ የለም። “ለምን?” ብሎ መጠየቅን ግን ተምሬ ነበር፤ እሱንም አልጠየቅሁም።

ምልክት አልነበረም ማለት አልችልም። ካዛንቺስ ሳለን አንድ ሰዓት የሚፈጀው ልብስ ቂርቆስ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ እየቆየ ሦስት። የመብራት ካርዱ ተሞልቶ ሳምንት አልደርስ አለ። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ያልበው ጀመር፤ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ተላጠ። ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ። በእጅ የተጨመቀ አንድ ጭነት ልብስ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ በውስጡ ይዟል፤ መኪናው ያንን ሁሉ እንፋሎት አድርጎ በቱቦ ማስወጣት አለበት። መውጫ ሲያጣ እንፋሎቱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሙቀቱ እዚያው መኪናው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልብሱ ይግላል እንጂ አይደርቅም።

ኋላ ላይ መኪናው በራሱ ጊዜ እየጠፋ አስቸገረ። ጠጋኝ አመጣሁ። ሰውዬው የኋላውን ቆርቆሮ ፈታ፣ የኮት ቁልፍ የምታክል ነገር ነቅሎ አሳየኝ። “ይቺ ናት የምታስቸግራችሁ” አለና ሽቦውን ቀጥታ አያያዘው። ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። መኪናው ከዚያ ወዲያ አልጠፋም። ደስ አለን። ያቺ ቁልፍ የምታክለው ነገር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሞቂያውን የምትቆርጠው ጠባቂ እንደነበረች ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ዘበኛው “ሌባ! ሌባ!” እያለ ስለጮኸ ዘበኛውን አባረርነው ማለት ነው።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። እማዬ ጋቢዋን መኪናው ውስጥ ጨምራ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው። ይህ ጋቢ ገበያ የተገዛ አይደለም። ለእታለም መምጫ ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ እየፈተለች ያሸመነችው ነው፤ እታለም ስትቀር ስትቀር ብርድ ሲጠናባት ራሷ ለብሳዋለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ከእታለም ጋር በስልክ የበዓሉን ወሬ አወራለሁ። መሐል ላይ ዝም አለች።

“የምን ድምፅ ነው?”

“ማድረቂያሽ ነዋ።”

“አይደለም።”

“እንዴት አይደለም? እዚሁ አጠገቤ...”

“የእሱ ድምፅ እንዲህ አይደለም። ታፍኗል። አጥፋው!”

ሳቅሁ። የእናት ሆድ ይባላል እንጂ፣ ስንት አገር ተሻግሮ የመኪና ሳል የሚሰማ ጆሮ አላውቅም ነበርና። አፌን ሳልዘጋ ሽታው መጣ። ካውያ የተረሳበት ልብስ ሽታ።

“ሸተተህ አይደል? በሩን እንዳትከፍተው! ሶኬቱን ንቀል!”

ነቀልኩ። እማዬ እጇን ወደ መኪናው በር ስትሰድ፣ በስልኩ ውስጥ “እማዬ፣ ተይው! አየር ካገኘ ይነዳል!” የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። እማዬ እጇን ሰበሰበች። “ሕፃኑን ከነእናቱ ከፈላው ጋን ያወጣኸው ገብርኤል” አለች። ቂርቆስ ማለት ያ ሕፃን ነው፤ ሰፈሩም የእሱ ነው፤ በዓሉም ትናንት ነበር፤ ስለዚህ ይህን ጸሎት ከቦታው አልወጣም ብዬ ተቀበልኩት።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የመኪናው ገላ በእጅ የሚነካ ሲሆን፣ ከግድግዳው ስቤ ጭንቅላቴን ሰነቀርኩ። እታለም በስልክ ትመራኛለች። መጀመሪያ በሩ ሥር ያለችውን ወንፊት አስወጣችኝ። እሷን አልፎ አልፎ ሲታወሰን እናራግፋት ነበር፤ በየጭነቱ መራገፍ ያለባት ኖሯል። ቀጥሎ ፋሸታውን አስፈታችኝ። ቱቦው ሲላቀቅ ግራጫ ነገር እጄ ላይ ወደቀ። ለስላሳ፣ ቀላል፣ የድመት ግልገል የያዝኩ መሰለኝ። መጋረጃ መስቀያ ዘንግ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ አሰርኩና ወደ ውስጥ ሰደድኩት። በሳብኩት ቁጥር ይመጣል። አንደኛው ጎሚቶ፣ ሁለተኛው ጎሚቶ... አኮርዲዮን ቱቦ እያንዳንዱ ሽብሽቡ አንድ አንድ መደርደሪያ ሆኖለት ኖሯል። ወደ ውጭ በቀረብኩ መጠን ብናኙ እየረጠበ ሄደ፤ እንፋሎቱ መንገድ ላይ እየበረደ ውሃ ሆኖበታልና። መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ ያሰርኩት የወንፊት ሽቦ ላይ ስደርስ፣ ትንሽ ትራስ የሚያክል ነገር ተወትፎ አገኘሁ። አይጥ ቀርቶ ነፍሳት አያልፍም።

ይህ ሁሉ እርጥብ ነው። ከመኪናው ጋር በሚገጥመው ጫፍ ያለው ግን ደረቅ ነበር፤ ጠርዙም እንደተጋገረ ቂጣ ቡኒ ሆኗል። ያንን ሳይ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። ከእማዬ አልጋ እስከዚያ ያለው አንድ የጡብ ግድግዳ ነው።

በኋላ ተቀምጬ ሳነብ የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ያወጣውን አኃዝ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ባለው ጊዜ በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ በያመቱ 2,900 ያህል የልብስ ማድረቂያ ቃጠሎ ይደርስ ነበር፤ በአማካይ 5 ሰው ይሞታል፣ 100 ሰው ይጎዳል። ከመንስኤዎቹ ሁሉ ቀዳሚው፣ 34 ከመቶ የሚሆነው፣ የአምራቹ ስሕተት ወይም የመብራት ጣጣ ሳይሆን አለማጽዳት ነው። እኛ ደግሞ የራሳችን ተጨማሪ አለን። ማድረቂያ ሥራውን ሲጨርስ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያለ ማሞቂያ እየነፋ ልብሱን ያበርዳል፤ መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ ግን የጋለው ልብስ እንደተቆለለ እዚያው ይቀራል። ስንት ጊዜ እንዲህ ትተነው ተኝተናል!

አጽድቼ ስጨርስ ሳፋ ሞልቷል። እማዬ አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ከደረቀው ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ ዘረጋችው።

“ባዘቶ እኮ ነው” አለች።

እውነትም ባዘቶ ይመስላል። ተነድፎ ለእንዝርት የተዘጋጀ ጥጥ፣ ትንሽ አፈር የነካው። እማዬ ተነሥታ እንዝርቷን አመጣች። ሳቄን ዋጥኩ። ጫፉን አያይዛ በጭኗ ላይ አሾረችው። ሁለት ጣት ያህል ክር ወጣና ተበጠሰ። እንደገና አሾረች፤ ተበጠሰ። ሦስተኛውን ሞክራ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

“አጭር ነው። ጉልበት የለውም” አለች። ከዚያ ጋቢውን ከመኪናው አውጥታ ወደ አምፖሉ አነሣችው። ባንድ ጎኑ እጅ የሚያክል ቦታ ጠቁሯል። የቀረው ብርሃን ያስተላልፋል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወደ ሳፋው አየች። “ሁለት ዓመት የፈተልኩትን ይኸው መልሶ ፈታው።”

ስልኩ ገና አልተዘጋም ነበር፤ ማጠቢያው ጠርዝ ላይ አቁሜዋለሁ። እፎይ ማለቴ ነው መሰለኝ ወደ ቀልድ ሄድኩ። “እስቲ አሁን ንገሪኝ፣ ከዱባይ ሆነሽ ድምፁን እንዴት ለየሽው? ማድረቂያ ጥገና ተምረሻል እንዴ?”

“ቤይሩት የምተኛው እኮ እዚያ ነበር።”

“የት?”

“መኪናዎቹ ክፍል ነዋ። አራት ዓመት። ፍራሼ ከማጠቢያውና ከማድረቂያው መሐል ነበር። ማዳም ማታ ነው ልብስ የምታስደርቀው። መጀመሪያ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ክረምቱ ብርድ ነው፣ እሱ ደግሞ ይሞቃል። ድምፁ ሲታፈን እነቃና ተነሥቼ አጸዳዋለሁ። ሽታው መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ላይ ነዋ።”

ይህን የምትለው ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ ነው። እኔ ግን ያኔ የላከችልንን ፎቶግራፍ አስታወስኩ። ያ ዳንቴል ላይ የተቀመጠውን፣ አሁንም መኪናው ላይ ያለውን። ሰፊ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከኋላዋ መጋረጃ፣ ትራሱ ሁለት። “ክፍሌ ነው” ብላ ነበር የላከችው። እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታዋለች።

ስልኩ በድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። ምንም አልተናገረችም። ከሳፋው ሌላ ቁንጣሪ አንሥታ በጣቶቿ መዘርጋት ጀመረች፤ ለመፍተል አይደለም፤ ዝም ብላ ትዘረጋዋለች። እታለም “ሄሎ? ሄዳችሁ እንዴ?” አለች።

“አለን” አልኳት።

የቀረው የጥገና ወሬ ነው። ጠባቂዋን ቁልፍ በአዲስ አስተካሁ፤ ሌላ ጠጋኝ ፈልጌ። አከራያችንን ለምኜ የማድ ቤቱን የውጭ ግድግዳ አስበሳሁ። እሳቸውም ሳፋውን ካሳየኋቸው በኋላ ብዙ አልተከራከሩኝም፤ “ይኼ ሁሉ ከልብስ?” ብለው ጣታቸውን ነክረው አዩት። አሁን መኪናው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቱቦው አጭር፣ ውስጡ ልሙጥ ቆርቆሮ፣ ጎሚቶ የለውም። አፉ ላይ በወንፊት ፋንታ ሲነፋ የሚከፈት፣ ሲቆም በራሱ ክብደት የሚዘጋ ክዳን አለ። አይጡም አይገባም። ጋቢው ግን ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ አይገባም፤ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ሁለት ቀን ይፈጃል እንጂ።

በአዲሱ ቦታ መጀመሪያ ያስነሣነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ውጭ ይዘንባል። ለእታለም ደወልኩላት።

“አስጠጋልኝ” አለች።

ስልኩን ከመኪናው ጎን አስደገፍኩት። ከበሮው ይዞራል፣ የሸሚዝ ቁልፎች ቆርቆሮውን ይነካሉ፣ ትንፋሹ በግድግዳው ቀዳዳ ይወጣል። እታለም ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አዳመጠች። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ላነሣ ስል ድምፅዋ መጣ።

“አሁን ደኅና ነው። እማዬን ስጠኝ።”